ፊደሉን ከሥዕሉ አውጡልኝ

ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች የገጽ ቁልፍ፣ ማለትም ሰው የሚጫነውን በተን፣ ጂምፕ በሚባል የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ስሥል ሲያዩኝ ይስቃሉ። «በተን እኮ በኮድ ሁለት መስመር ነው!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የተጠጋጋ ጠርዝ፣ ጥላ፣ ከላይ ወደ ታች የሚጠቁር ቀለም፣ ይህን ሁሉ ዛሬ ብሮውዘሩ፣ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ራሱ ይሠራዋል። እኔ ግን እስካሁን መጀመሪያ የምከፍተው የምስል ማስተካከያውን ነው። ምክንያቴን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የሶፍትዌር ነገር ስለሆነ።

ዲዛይን የለመድኩት ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት መጽሔት፣ የሱቅ ታፔላ። ኮምፒውተራችን ላይ ኮረልድሮውና ፎቶሾፕ የሚባሉት የሥዕልና የምስል ፕሮግራሞች ነበሩ። ሁለቱም ኮፒ ሲዲ ናቸው፤ ሲሪያል ነምበሩ ሽፋኑ ላይ በእስክርቢቶ ተጽፏል። ከዚያ አስጎብኚ ድርጅቶችና ሆቴሎች ድረ ገጽ ማሠራት አማራቸው። አለቃችን «ካርድ የሠራ ሰው ድረ ገጽ አያቅተውም» ብለው ሥራውን ተቀበሉ። ኮዱን የሚጽፍ ልጅ ከውጭ ተፈለገ። ሥዕሉ፣ ማለትም ባነሩና ቁልፎቹ፣ ለእኔ ደረሱ።

ያኔ ቁልፍ ማለት ምስል ነበር። ኮዱ ብቻውን የሚሰጠው ግራጫ ሳጥን ነው፤ ግራጫ ሳጥን የሚወድ ደንበኛ ደግሞ አላጋጠመኝም። ሁሉም የሚፈልገው የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ለዚህ አፕልም ተጠያቂ ነው። በ2000 መጀመሪያ ላይ «አኳ» የሚባለውን የኮምፒውተሩን ገጽታ ለዓለም አሳየ። ስቲቭ ጆብስ ራሱ ቁልፎቹ ሰው ሊልሳቸው እስኪያምረው ድረስ ያምራሉ ብሎ ነበር። ሰማያዊ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ልክ አፍ ውስጥ ገብቶ የወጣ ደስታ ከረሜላ። ከዚያ በኋላ ዓለም በሙሉ ከረሜላ ሣይ ሆነ፤ አዲስ አበባም ሳትቀር።

አሠራሩን ዛሬም በእንቅልፌ እሠራዋለሁ። ጠርዙ የተጠጋጋ አራት ማዕዘን ትሥላላችሁ። ግራዲየንት፣ ማለትም ቀስ እያለ የሚለወጥ ቀለም፣ ትሰጡታላችሁ፤ ለተራ ቁልፍ ከላይ ፈካ ከታች ጠቆር፣ ለከረሜላው ግን በተቃራኒው፤ ብርሃኑ ሰውነቱን አልፎ ታች የተጠራቀመ እንዲመስል። ከዚያ አዲስ ሌየር (ከላይ የሚደረብ እንደ መስታወት ያለ ንጣፍ) ላይ፣ በላይኛው ግማሽ፣ ነጭ ሞላላ ቅርጽ ታስቀምጡና ወደ ታች እየሳሳ እንዲጠፋ ታደርጋላችሁ። ከረሜላው የሚያብረቀርቀው በዚህች ነጭ ሌየር ነው። ከዚያ አንድ ፒክስል፣ ማለትም አንድ የስክሪን ነጥብ ያህል፣ ጠቆር ያለ ጠርዝ፣ ከሥሩ ስስ ጥላ፤ አለቀ። ፎቶሾፕ 5 በ1998 ጥላውንና እብጠቱን በአንድ ጠቅታ የሚሆን ስላደረገው ማንም ሰው ቁልፍ ሠሪ ሆነ። ችግሩም እሱ ነው። ቤቭል ኤንድ ኢምቦስ የሚባለው ማብሪያ የሚያሳብጠውን መጠን ማንም አይቀንስም ነበር። የዚያን ዘመን ድረ ገጾች ያበጡት ለዚህ ነው።

ጥሩ ቁልፍ ከመጥፎ የሚለየው በብርሃኑ አቅጣጫ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ «ዩዝ ግሎባል ላይት» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ካደረጋችሁ የሁሉም ሌየር ብርሃን ከአንድ ቦታ ይመጣል። ካላደረጋችሁ አንዱ ቁልፍ በ120 ዲግሪ፣ ጎረቤቱ በ90 ዲግሪ ይበራል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ አይገባውም፤ የሆነ ነገር ግን ደስ አይለውም። ሁለት ፀሐይ ያለው ገጽ ነው የሚያየው።

ከሥዕሉ በኋላ ያለው ሥራ ማንም የማያመሰግናችሁ ሥራ ነው። ማውጣት፤ ሥዕሉን ለድረ ገጽ ወደሚሆን የምስል ፋይል መቀየር። ጂአይኤፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት 256 ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለቁልፍ ይበቃል። ግልጽነቱ፣ ማለትም ጀርባውን አሳልፎ ማሳየቱ፣ ግን ሁሉም ወይም ምንም ነው። አንድ ፒክስል ወይ አለ ወይ የለም፤ በግማሽ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ የተጠጋጋው ጠርዝ ዙሪያውን ነጭ ፍንጥርጣሪ ይዞ ይወጣል። ለዚህ «ማት» የሚባል ምርጫ ነበር። ገጹ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ትነግሩታላችሁ፤ ጠርዙን ከዚያ ቀለም ጋር አዋህዶ ያወጣዋል። ቆንጆ ነው። ደንበኛው በማግስቱ ደውሎ «ጀርባውን ክሬም አድርጊልኝ» እስኪል ድረስ። ያኔ ሁሉም ቁልፍ እንደገና ይወጣል። ፒኤንጂ የሚባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ግማሽ ግልጽነትን ይችል ነበር፤ ግን ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብሎ የሚከፍተው ብሮውዘር፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6፣ በዚያ ፈንታ ግራጫ ጀርባ ያሳያል። ይህን ያስተካከለው 7ኛው ነው፤ በ2006።

ክብደቱም አለ። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስገባው 56 ኪሎቢት ሞደም በወረቀት ላይ በሴኮንድ 7 ኪሎባይት ነው። ስድስት ቁልፍ፣ እያንዳንዱ 4 ኪሎባይት፣ ማውስ ሲጠጋው የሚለወጥበት ሁለተኛ ምስል ሲጨመር 48 ኪሎባይት ይሆናል። በጥሩ ቀን ሰባት ሴኮንድ፤ ለቁልፍ ብቻ። ካፌው በደቂቃ ነው የሚያስከፍለው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ቀለም እቀንስ ነበር፤ 64፣ 32፣ ግራዲየንቱ ደረጃ መሥራት እስኪጀምር ድረስ። ሁለተኛው ምስል ደግሞ ማውሱ ሲጠጋ ነው መውረድ የሚጀምረው። ቁልፉ ድንገት ይጠፋል፤ ሰውየው «ምን ነካሁ?» ይላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። በ2004 ዴቭ ሼይ የተባለ ዲዛይነር አንድ ዘዴ ጽፎ አስፋፋው። ሁሉንም ሁኔታ በአንድ ምስል ላይ ደርድሮ፣ በኮድ ምስሉን ማንሸራተት። ሲነኩት የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ሁሉም አንዴ ወርዷል። እኔ ሁኔታዎቹን ከላይ ወደ ታች እደረድራቸው ነበር፤ የተቀመጠ፣ የተጠጉት፣ የተጫኑት። የተጫነው ግራዲየንቱ ተገልብጦ፣ ጽሑፉ አንድ ፒክስል ወደ ታች ወርዶ። ያቺ አንድ ፒክስል ብቻዋን ቁልፉ የገባ ታስመስለዋለች።

አማርኛው ግን ሌላ ጣጣ ነበረው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፤ በ3.0 እትሙ። መግባቱና ሰው ኮምፒውተር ላይ መድረሱ ግን ለየቅል ናቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጭኖ ሲያልቅ የግዕዝ ፎንት የለውም። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት የመጣው ከቀጣዩ ዊንዶውስ፣ ከቪስታ፣ ጋር ነው፤ ሰው ደግሞ ቪስታን አልወደደውም፤ ኤክስፒ ላይ ብዙ ቆየ። ፎንት የሌለው ሰው አማርኛ ገጽ ሲከፍት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ያያል። ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሊያነብ ይፈልጋል፤ እዚያ ፎንት መጫን አይፈቀድለትም። እኛ ደግሞ የምንጽፍባቸው የያኔዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ዩኒኮድ አልነበሩም። የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ በሌለበት ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል።

ስለዚህ ቃሉ ሥዕል ይሆናል። ፎቶሾፕ ውስጥ ትጽፉታላችሁ፣ ከጀርባው ጋር ታጣብቁታላችሁ፣ ምስል አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ። ምስል ፎንት አይጠይቅም። ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ፒያሳ ካፌም እኩል ይታያል። ለእንግሊዝኛው ገጽ የምስል ቁልፍ ጌጥ ነበር። ለአማርኛው የሚነበብበት መንገድ ነበር። አንዳንድ ገጽ ላይ እንዲያውም ሙሉ ጽሑፉ ምስል ነበር፤ ባነሩም፣ ርዕሱም፣ አንቀጹም።

እዚህ ላይ ነው ፊደላችንን በፒክስል ደረጃ ያወቅኩት። ላቲን በ11 ፒክስል ቁጭ ብሎ ይነበባል። ግዕዝ በ11 ፒክስል አይሆንም። በ እና ቡ የሚለያዩት ቀኝ ጎን ላይ በተቀጠለች ጭረት ነው፤ ስታንስ ትዋጣለች። ቢ እና ቤ ደግሞ የባሱ ናቸው። አንዷ እግሯ ላይ ቀጥ ያለች ጭረት፣ ሌላዋ ቀለበት። ቀለበቷ ሲያንስ ውስጧ ይሞላና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ፎቶሾፕ ጠርዝ ለማለስለስ ሻርፕ፣ ክሪስፕ፣ ስትሮንግ፣ ስሙዝ የሚሉ ምርጫዎች ነበሩት። ስትሮንግ ፊደሉን ያወፍረዋል፤ ለጠ እና ለጨ ሞት ነው፤ ሦስቱ እግሮች ይጣበቃሉ። እኔ ክሪስፕ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ፒክስል ቀይሬ፣ አጉልቼ፣ በአንድ ፒክስል ማጥፊያ የቤን ቀለበት በእጄ እከፍተው ነበር። ይህን ሥራ ያየ ሰው የለም። ያነበቡት ሰዎች ግን አነበቡት።

ፊደል ላይ ቤቭል ማድረግ ደግሞ ክልክል ነው። በእንግሊዝኛው ወፍራም ፊደል ላይ ያምር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ወፍራምና ቀጭን መስመር አብሮ አለው። እብጠቱ ወፍራሙን ያጎላና ቀጭኑን ይበላዋል። የምፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ከላዩ አንድ ፒክስል ጠቆር ያለ ጥላ፣ ወደ ውስጥ የተቀረጸ እንዲመስል።

መሐል ማድረግም ቀላል አይደለም። ሶፍትዌሩ መሐል የሚለው የፎንቱን ሳጥን ነው እንጂ የፊደሉን አካል አይደለም። ላቲኑ ከመስመር በታች የሚወርዱ ጭራዎች አሉት፤ ሳጥኑ ለነሱ ቦታ ይተዋል። የእኛ ፊደል አብዛኛው መስመሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፉ ላይ ወደ ላይ የሸሸ ይመስላል። አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ታች አውርዱት። ዓይናችሁን እመኑ፣ መለኪያውን አትመኑ።

ከዚያ የፊደል ክርክሩ ይመጣል። «መነሻ ገፅ» ብዬ ሠርቼ አስረከብኩ። የደንበኛው አባት፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አዩት። «ልጄ፣ ገጽ በጸሎቱ ጸ ነው» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም፤ ትክክል ናቸው፣ ደግሞም ዕድሜያቸው። በኮድ የተጻፈ ቃል ቢሆን አንድ ፊደል ነው። የእኛው ግን ፋይሉን መክፈት፣ ቃሉን መለወጥ፣ ሦስቱንም ሁኔታ ማውጣት፣ በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው።

ፋይሉ ካለ! አንድ ሌላ ደንበኛ «ያግኙን» የሚለውን «ይደውሉልን» አድርጊልኝ አለ። የመጀመሪያው የፎቶሾፕ ፋይል የነበረበት ሃርድ ዲስክ ሞቷል። ያለው የወጣው ምስል ብቻ ነው፤ ፊደልና ግራዲየንት አንድ ላይ የተጋገሩበት። ቃሉን በክሎን ስታምፕ (አንዱን ቦታ ቀድቶ ሌላው ላይ በሚያትመው መሣሪያ) እየሸፈንኩ፣ የግራዲየንቱን ደረጃ ከጎን እየቀዳሁ፣ ባዶ ቁልፍ እንደገና ፈጠርኩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የማንኛውም ቁልፍ ባዶው ለብቻው ይቀመጣል። አሁን አሁን ልጆች ኤአይ ሰጥተው ይሰርዙታል፤ ደስ ይበላቸው።

ከ2010 በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በ2011 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 የተጠጋጋ ጠርዝና ጥላን በኮድ ተቀበለ፤ ሌሎቹ ቀድመውት ነበር። በ2012 ዊንዶውስ 8፣ በ2013 የአይፎኑ አይኦኤስ 7 ከረሜላውን ሁሉ ጠርገው ጠፍጣፋ አደረጉት። ለአንድ ነጋዴ ጠፍጣፋ ሰማያዊ ቁልፍ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው። «እሺ፣ መቼ ይጨረሳል?» አለኝ። አራት ማዕዘን ነው፤ ቀለም አለው፤ ለዚህ ብር ይከፈላል? ስልክ ላይም እንዲሁ የስክሪኑ ፒክስል ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሆነ የድሮዎቹ ምስሎች ደብዘዝ ብለው መታየት ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት መጠን ማውጣት ሞኝነት ነው።

እና አማርኛውም ሰው ስልክ ላይ ደረሰ። ዛሬ ማንም ስልክ ገዝቶ ሲከፍተው ግዕዝ ያነባል። ስለዚህ ቃሉን ሥዕል ውስጥ የምንጨምርበት ምክንያት ሞቷል። ጉዳቱ ግን አልሞተም። ሥዕል ውስጥ ያለ ቃል በጉግል አይገኝም። ዓይነ ስውር ሰው የሚጠቀምበት አንባቢ ሶፍትዌር ቃሉን ሊያነብለት አይችልም፤ ኮዱ ላይ ተለዋጭ ጽሑፍ ካልገባ በቀር። ዓይናቸው የደከመ እናቶች ፊደሉን ሲያጎሉ ሌላው ጽሑፍ ያድጋል፣ ቁልፉ ብቻ እዚያው ይቀራል። ዛሬም ግን አማርኛ ገጾች ላይ ፊደል የተጋገረበት ቁልፍ አያለሁ። ያውም የቅርብ ጊዜ ሥራ። ልማድ ነው፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ታዲያ አሁንም ጂምፕ የምከፍተው ለምንድን ነው? ለማየት። ኮድ ውስጥ ቁጥር ነው የምጽፈው፤ ሥዕል ላይ ግን እጄ ነው የሚያስበው። (ጂምፕ የሆነው ፎቶሾፕ ከ2013 ወዲህ ወርሃዊ ክፍያ በዶላር ስለሆነ ነው። የብር ካርድ ይዤ ከዶላር ጋር መታገል ሰለቸኝ። ኮፒ ሲዲውም ዘመኑ አለፈ።) ጂምፕ ውስጥ አራት ማዕዘን መምረጫው «የተጠጋጋ ጠርዝ» የሚል ምርጫ አለው፤ በሱ ቅርጹን አወጣለሁ። ድሮ ጥላ አንዴ ካረፈ አለቀ፤ ሐሳብ ከለወጥክ ወደ ኋላ መመለስ ነው። በ2025 የወጣው ጂምፕ 3 ይህን አቃለለው፤ ጥላውን ኋላ ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል።

ቁልፉን በእውነተኛ መጠኑ እሥለዋለሁ። አጉልቼ አልሠራም። ቁመቱ በኮዱ መለኪያ ከ44 ፒክስል አያንስም፤ አፕል ለጣት የሚመክረው 44 ነው፣ ጉግል 48። የግዕዝ ቃሉን እውነተኛውን እጽፍበታለሁ፤ ረጅሙን መርጬ። «ይመዝገቡ» የሚበቃው ቁልፍ «የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ» ሲመጣ ይፈነዳል። ከዚያ ምስሉን ወደ ስልኬ ልኬ፣ ደጅ ወጥቼ፣ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ።

ቀለም ላይ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርጊው።» ሦስት ቁልፍ ካለ ሦስቱን ቀለም ማከፋፈል ለሁሉም ደንበኛ በራሱ ጭንቅላት የመጣ አዲስ ሐሳብ ነው። እኔም በሥዕል ነው የምመልሰው። ነጭ ጽሑፍ ይነበብ ዘንድ የቀለሞቹ ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ነው ዓለም አቀፉ መመሪያ የሚለው። አረንጓዴው፣ ቀይ 7፣ አረንጓዴ 137፣ ሰማያዊ 48 ካደረጋችሁት፣ ለጥቂት ያልፋል። ቀዩም ያልፋል። ቢጫው ላይ ነጭ ጽሑፍ ግን 1.5 እንኳን አይሞላም። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጌ ስልኬን ለደንበኛው እሰጠዋለሁ። «መሐለኛው ምን ይላል?» እለዋለሁ። ዓይኑን ያጨነቁራል። ከዚያ ቢጫው ላይ ጥቁር ጽሑፍ እንስማማለን።

ሥዕሉ ሲያልቅ ከሱ የምወስደው ቁጥር ብቻ ነው። ቁመት፣ የጠርዝ ጥግ፣ ሁለት ቀለም፣ የጥላው ርቀትና ድብዛዜ። እነዚህን በቴሌግራም ለኮድ ጸሐፊው ጓደኛዬ እልካለሁ። ምስሉ እዚያው ኮምፒውተሬ ላይ ይቀራል። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይሄዳል።

ቴሌግራም ካልኩ አይቀር፣ የምስል ቁልፍ አዲሱ መኖሪያው እሱ ነው። ልብስ የሚሸጡት፣ ቤት የሚያከራዩት፣ ፖስተር ያሠሩና ታቹ ላይ «አሁኑኑ ይዘዙ» የሚል ቆንጆ ቁልፍ ያሥላሉ። አክስቴ ትጫነዋለች። ፎቶው ይጎላል። ደግማ ትጫነዋለች፤ ፎቶው ይመለሳል። «ይሄ ሱቅ ተዘግቷል መሰለኝ» ትለኛለች። እኔ «እትዬ፣ ሥዕል ነው» እላታለሁ። «ታዲያ ለምን ጥላ አደረጉበት?» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም። ቴሌግራም ከመልእክቱ ሥር እውነተኛ ቁልፍ ማስቀመጥ ይችላል፤ ቦት (በራሱ የሚሠራ የቴሌግራም አካውንት) ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ይህን ለእያንዳንዱ ባለ ሱቅ እናገራለሁ። ግማሾቹ ይሰሙኛል። ሌሎቹ «ግዴለም፣ አንቺ ብቻ ሣይልን» ይላሉ። እሥልላቸዋለሁ፤ ያቺን ነጭ ሞላላም ሳላስከፍል እጨምርበታለሁ።